ብረትና ኮንክሪት፣ ስለላና ፍቅር
(ለማኅበሩ አባላት በወላይታ ሶዶ የቀረበ ንግግር)



በዚህች ከተማ «ቅልቅል» የሚለው ቃል በቀላሉ አይወደድም። ምክንያቱም የታወቀ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተዋሕደው «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ ቋንቋ ተሠራ፤ የተማሪ መጽሐፍም ታተመበት። ቋንቋዎቹ እጅግ ተቀራራቢ ናቸው፤ ዳሩ ግን ከየአንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ተወስዶ የተገጣጠመው ጽሑፍ ማንም በቤቱ የማይናገረው ሆነ። ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ በሶዶ ስለ ልብ ወለድ ዓይነቶች መደባለቅ የሚናገር ሰው አስቀድሞ የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የትኛው ድብልቅ ይቆማል፣ የትኛውስ ይፈርሳል የሚል ነው።

ለመሐንዲስ መልሱ ሩቅ አይደለም። አርማታ የሚቆመው ብረቱና ኮንክሪቱ ተመሳስለው አይደለም። ኮንክሪቱ ጫናን ይችላል፣ ብረቱ የሚስበውን ኃይል ይሸከማል፤ በሙቀት የሚለጠጡትም በተቀራራቢ መጠን ስለ ሆነ አይላቀቁም። እያንዳንዱ ጠባዩን እንደ ያዘ የሌላውን ድካም ይሸፍናል።

በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» እንዲህ የተሠራ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ጋዜጠኛ በመሆኑ መጽሐፉ በአንድ በኩል የቀይ ኮከብ ዘመቻ ዘገባ ነው። በሌላው በኩል የስለላ ታሪክ ነው። ጸጋዬ አዲስ አበባ ላይ እጮኛ እያለችው አስመራ ላይ ፊያሜታን ይወዳልና የፍቅር ታሪክም ነው። የዘመቻ ዘገባ ድልን ብቻ መቁጠር ይቀናዋል፤ ፍቅሩ ግን ስለ አንዲት ሰው ይጠይቃል። ስለላው ደግሞ አንባቢውን ገጽ እያስገለጠ ወደማይፈልገው ጥያቄ ያደርሰዋል። የፍቅሩ ንግግር አንዳንድ ስፍራ ይንዛዛል፤ ቢሆንም ተነቅሎ ቢወጣ ቤቱ ይወድቃል። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረው ደራሲም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ተራ የስለላ ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስቆጣ ነበር።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የእንስሳትን ተረት ከአውሮፓ ኮሜዲ ጋር አጋጥመው «ፋቡላ»ን መድረክ ላይ ባወጡ ጊዜ፣ ቤተ መንግሥቱ ቀልዱ የማንን ደጅ እንደሚያንኳኳ ስለ ገባው ቴአትሩ ታገደ።

ዛሬ አንድ የሶዶ ወጣት የካዎ ጦናን የ1887 ዓ.ም. ሽንፈት ሊጽፍ ቢነሣ፣ የታሪክ ልብ ወለድን ከወንጀል ምርመራ ጋር ማጋጠም ይችላል። ዜና መዋዕል የአሸናፊውን ቃል አለስልሶ ያወርዳል፤ መርማሪ ግን ምስክሮችን ለየብቻ ጠርቶ የማይገጥመውን ቃል ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የወላይታ ሽማግሌ፣ የሸዋ ወታደር፣ የተማረከች ሴት በየተራ ይቀርባሉ። መርማሪው ለጌጥ የገባ እንደ ሆነ ግን ወጣቱ ቢተወው ይሻለዋል።