ለቅሶ ደራሹና ጎብኚው፦ የሰቆቃ ሥፍራዎችን ስለ መጎብኘት



ሞትና ሰቆቃ የተፈጸመባቸውን ሥፍራዎች መጎብኘት በጥናት ዓለም «ጨለማ ቱሪዝም» የሚለውን ስያሜ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ጆን ሌነንና ማልኮም ፎሊ ከተባሉ ምሁራን ነው። ልማዱ ግን ከስያሜው ይቀድማል። የአውሽዊትዝ ማጎሪያ ካምፕ ሙዚየም የሆነው ጦርነቱ ባበቃ በ2 ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ነበር። 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወደተገደሉበት ወደዚያ ሥፍራ በ2019 ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ጎብኚዎች ሄደዋል።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ፣ ወደ እንዲህ ያለ ሥፍራ የሚሄድ ሰው ምን ሆኖ ይሄዳል? የሚል ነው።

በባህላችን ሞት ወዳለበት ቤት የሚሄድ ሰው ለቅሶ ደራሽ ይባላል። ለቅሶ ደራሽ ሟቹን ላያውቀው ይችላል። ቢሆንም ገብቶ ይቀመጣል፤ አሟሟቱን እየመረመረ ሐዘንተኛውን አያስጨንቅም፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይወጣል። የሄደው ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳልሆነ እንዲያውቅ ነው። ጎብኚው ግን የሚሄደው ለማየት ነው።

በ2019 የአውሽዊትዝ ሙዚየም ጎብኚዎች በባቡር ሐዲዱ ላይ እየተራመዱ ፎቶግራፍ መነሣታቸውን እንዲተዉ በይፋ ለመጠየቅ ተገዷል። የሟቾች ፀጉር በተከማቸበት ክፍል ደግሞ ፎቶግራፍ ማንሣት ፈጽሞ ክልክል ነው። ይህ ክልከላ ጎብኚውን ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ለቅሶ ደራሽ ያደርገዋል።

«እንግዲያው ሰው ባይሄድስ?» የሚል ይኖራል። አልስማማም። በአውሽዊትዝ ቤተሰብ ከነልጅ ልጁ አልቋል፤ ለቅሶ የሚቀመጥለት ዘመድ ያልተረፈለት ሟች ብዙ ነው። ለእርሱ የሚደርስለት ባዳ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የአጽም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 በሩዋንዳ፣ ሙራምቢ በተባለ ሥፍራ፣ በግንባታ ላይ በነበረ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የተጠለሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቱትሲዎች ተጨፈጨፉ። ከጅምላ መቃብር ከወጡት አስከሬኖች በመቶዎች የሚቆጠሩት በኖራ ተጠብቀው ለዕይታ ቀርበዋል። እልቂቱን የሚክዱ አሉና አስከሬኑ ምስክር ይሁን ተብሎ ነው። በአዲስ አበባ፣ በመስቀል አደባባይ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞች ከመስታወት ጀርባ ይታያሉ። እኛ ደግሞ በድን ሸፍነን አፈር የምናለብስ ሰዎች ነን። በዚህ ቦታ ለእውነት የመመስከርና ሟችን የማክበር ግዴታዎች ፊት ለፊት ይጋጫሉ።

አቋሜን በግልጽ ልናገር። የሟቹ ማንነት ከታወቀ፣ አጽሙ ይታይ ወይስ ይቀበር የሚለውን ሊወስን የሚገባው ቤተሰቡ እንጂ ሙዚየሙ አይደለም። ማንነቱ ካልታወቀ አጽሙ በምስክርነት ይቆይ፤ ነገር ግን ካሜራ በማይገባበት ክፍል ይሁን፤ ጎብኚውም ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚያይ ይነገረው፣ ላለመግባትም መብት ይኑረው።

የሙያ ዘርፋችን የጎብኚን ቁጥርና የገቢን መጠን መለካት ያውቅበታል። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች ግን ሌላ መለኪያ ልጠቁማችሁ፦ ጎብኚዎቹ ከወጡ በኋላ የሟቾቹን ቤተሰቦች ጠይቁ። ተጽናኑ ወይስ ተሸማቀቁ? መልሱ የሙዚየሞቻችንን አሠራር ሊለውጥ ይችላል።