የብረት ቸርኬ ወይስ አሎይ? ለሥራ መኪና ብድር ስንጠይቅ
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሠራተኛ ስለ መኪና ቸርኬ ልናገር ብላ መቆሟ ይገርማችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን የሒሳብ ነው። ለሥራ መኪና ብድር የሚጠይቁ እህቶች በሚያቀርቡት ፕሮፎርማ ላይ «አራት አሎይ ቸርኬ» የሚል መስመር ይገኛል። ይህ መስመር በብድሩ ውስጥ ይግባ ወይስ ይቅር? ሐሳቤን ከነምክንያቱ ላቅርብ።

የብረት ቸርኬ ከላሜራ ተጨፍልቆና ተበይዶ የሚሠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሆኖ በፕላስቲክ ሽፋን ይሸፈናል። አሎይ የምንለው ደግሞ አሉሚኒየም ከጥቂት ሲሊከንና ማግኒዚየም ጋር ቀልጦ፣ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚወጣ ነው።

አሎይ ጥቅም የለውም አልልም። አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት ሲሶ ያህል ነው። ይሁን እንጂ እንዲጠነክር ወፍራም ተደርጎ ስለሚሠራ፣ በትንንሽ መኪኖች ላይ የሚቀንሰው ክብደት በአንድ ቸርኬ ከአንድና ከሁለት ኪሎ ብዙም አይዘልም። ሙቀት ቶሎ ያስወጣል፤ እንደ ብረት አይዝግም፤ ያምራልም። ከተማ ውስጥ ተሳፋሪ ስታመላልስ ለምትውል መኪና ግን ከዚህ ሁሉ ወደ ኪስ የሚገባው ጥቂት ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው መኪናዋ ጉድጓድ የገባች ዕለት ነው። ብረት ይጎብጣል፤ አሎይ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። የጎበጠውን የብረት ቸርኬ ጎሚስታው በመዶሻ አቃንቶት መኪናዋ በዚያው ቀን ሥራ ልትገባ ትችላለች። የተሰነጠቀ አሎይ ግን በብየዳ አስተማማኝ አይሆንም፤ የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን አሉሚኒየም ያዳክመዋልና። ስለዚህ አምሳያውን ፍለጋ ሶማሌ ተራ መውረድ ይመጣል። የቡሎኑ ብዛት፣ የቡሎኖቹ ክብ ልኬት፣ የመሐል ቀዳዳው፣ ስፋቱ፣ ሁሉም መግጠም አለበት። ሱዙኪ ዲዛየርና ቶዮታ ቪትዝ 4 ቡሎን አላቸው፤ የቡሎኖቹም ክብ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ገጠመ ማለት ግን ሌላው ሁሉ ገጠመ ማለት አይደለም።

ሌላም የማይታይ ወጪ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ዲዛየር ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ዓይነቶች የብረት ቸርኬ ይዘው ጎማቸው 165/80 R14 ነው፤ ውድ የሆኑት አሎይ ይዘው 185/65 R15 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ የመጨረሻው የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። የ165 ሰማንያ በመቶ 132 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የ185 ስድሳ አምስት በመቶ ደግሞ 120 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሁለቱ ጎማ ቁመት እኩል ለማለት ይቻላል፤ በባለ 14ቱ ግን በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መካከል 12 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ጎማ አለ። ቸርኬውን ከምት የሚያድነው ይህ ጎማና በውስጡ ያለው አየር ነው።

አሁን ወደ መዝገባችን እንምጣ። የአንዲት እህት የዕለት የተጣራ ገቢ 1,500 ብር ነው እንበል። የተሰነጠቀውን ቸርኬ ምትክ ፍለጋ መኪናዋ 3 ቀን ብትቆም 4,500 ብር ቀረባት፤ የቸርኬው ዋጋ ገና አልተቆጠረም። እናንተ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት። የብድሩ ክፍያ ቀን ግን መኪናዋ ቆማለች ብሎ አይጠብቅም። እሷ ካልከፈለች የሚከፍሉት ዋስ የሆኑላት እህቶች ናቸው፤ ገንዘቡ ዘግይቶ በገባ ቁጥርም ተራዋን የምትጠብቀው እህት ትዘገያለች።

ተሳፋሪ መኪናን በዓይኑ ይመዝናል የሚሉ እህቶች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ተሳፋሪው መጀመሪያ የሚያየው የወንበሩን ንጽሕና ነው። በዝናብ ቀን ፍሬን ሲያዝ መኪናዋን የሚያቆማት ደግሞ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ እንጂ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አይደለም። አሎይ ያላቸው ብዙ መኪኖች እንኳ በስኮርታ ቦታ የሚይዙት የብረት ቸርኬ ነው።

ስለዚህ ለብድር ኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የብረት ቸርኬ ላላት የሥራ መኪና የአሎይ መግዣ በብድር አይያዝ፤ ለጥሩ ጎማ የሚጠየቅ ግን ይያዝ። አሎይ የምትወድ እህት ዕዳዋን ከጨረሰች በኋላ ከቁጠባዋ ብትገዛ ማንም አይከለክላትም።

መኪናዋ ከነአሎይዋ ከተገዛችስ? አውልቁ አልልም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጎማዎቹን አስፈትታችሁ ቸርኬውን በውስጥ በኩል አሳዩ፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው። አየር ቀስ በቀስ የሚቀንስ ከሆነ የሳሙና ውሃ ይቀባ፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ይናገራል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቡሎን ሲታሰርም ጠይቁ፤ በአንዳንድ መኪና የአሎይና የብረት ቸርኬ ዳዶ ይለያያል። የብረት ቸርኬም ቢሆን የቡሎን ቀዳዳው ከሰፋ ወይም ብየዳው ከተሰነጠቀ መጣል አለበት። የጎማ አየር ልኩ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፎ ይገኛል፤ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። አየር ያነሰው ጎማ ብረቱንም አሎዩንም አያድንም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የተዋጣው ገንዘብ የሁላችን ነውና በሁላችን ፊት የሚመሰከርለት ሥራ ላይ ይዋል።