እንግዳው አስቀድሞ የሚያየው ደኑን ነው
ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የተደረገ ንግግር



ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር እንግዳ አስቀድሞ የሚያየው የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ሳይሆን ደኑን ነው። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው መንገድ በቡና ተክል መካከል ያልፋል፤ ጌሾውና ሎሚውም በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላሉ። እንግዳው በመቅደሱ ግድግዳ ወደ ተሣሉት ቅዱሳት ሥዕላት የሚደርሰው ይህን አልፎ ነው።

ደኑ በአጋጣሚ የተረፈ አይደለም። በዘጌ ምድሩን በበሬ ማረስ በአበው ሥርዓት የተከለከለ ሲሆን፣ ሥርዓቱም ከአቡነ በትረ ማርያም እንደ ተላለፈ ይነገራል። ሕዝቡ በእህል ፈንታ ከቡናና ከጌሾ ሲተዳደር ኖሯል። ስለዚህ በዚያ ገዳሙ፣ አትክልቱና የሕዝቡ ኑሮ የማይነጣጠሉ ቅርሶች ናቸው።

በሐይቁ ደሴቶች ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታትን ዐፅም ጠብቋል፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም አለች። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል።

ነገር ግን ሐይቁን ከተራራው ለይቶ መጠበቅ አይቻልም። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወገን ወርደው ወደ ጣና ይገባሉ። ተዳፋቱ ሲራቆት ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወደ ሐይቁ ያወርደዋል፤ ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያም እንቦጭን ይመግበዋል። እንግዳ የማይደርስበት የጉና ሥር አጥቢያ እንኳ የጣና ጠባቂ ነው ማለት ነው።

በብዙ አድባራት ዐጸድ ዛፎቹ አርጅተዋል፤ ከብት ስለሚገባ ግን ተተኪ ችግኝ አይታይም። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ቤት እንደሚዘጋ፣ እንዲህ ያለውም ደን ያልቃል። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጥቢያዎች ከእርሻቸው በለቀሙት ድንጋይ ዐጸዱን አጥረው ችግኙ ከወደቀው ዘር በራሱ ሲበቅል አይተዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። ዐጸዳችሁን እጠሩ፤ በባሕር ዛፍ ፈንታ ወይራ፣ ጽድና ዋንዛ ትከሉ። እንግዳ ሲመጣ ሥርዓቱን በትሕትና የሚያስረዳ፣ ሥዕላቱንም ከካሜራ ብልጭታ የሚጠብቅ ሰው መድቡ። ከጉብኝት ከሚገኘው ገቢም ለአጥሩና ለችግኙ ድርሻ ለዩ።

አባቶቻችን ጥላውን አቆይተውልናል፤ እኛም ለልጆቻችን ምድረ በዳ እንዳናወርስ እንትጋ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።