በአጭር ማስመሪያ



በዚህ የሥዕል ምረቃችሁ ላይ እንድናገር ስጋበዝ ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩ፤ በሦስተኛው ይሉኝታ ያዘኝ። ተማሪ ሳለሁ መምህሬ «ሥራሽን ለክፍሉ አብራሪ» ሲሉኝ ሸራዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን በሩ ሩቅ ነው።

ስለዚህ ከእኔ ስለባሰች ዝምተኛ ላውራችሁ። ሠዓሊዋ አግነስ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1912 ካናዳ ተወለደች። ኒውዮርክ ውስጥ ስሟ በደንብ መጠራት ሲጀምር፣ በ1967፣ በ55 ዓመቷ፣ የሥዕል ዕቃዎቿን ለሰው ሰጥታ ከተማውን ለቀቀች። በመኪና ስትዞር ከርማ ኒው ሜክሲኮ ደረሰች፤ አንድ አምባ ላይ በጭቃ ጡብ ቤት ሠራች፣ በገዛ እጇ። መብራት የለ፣ ቧንቧ የለ። ለዓመታት ብሩሽ አልያዘችም። የአእምሮ ሕመምም ነበረባትና ዝምታዋን ሁሉ በጥበብ ማሳበብ አልፈልግም።

ወደ ሥዕል የተመለሰችው በ1974 ገደማ ነው። ሸራዋ በቁመትም በወርድም 183 ሴንቲ ሜትር፣ ከሩቅ ባዶ የሚመስል። ጠጋ ስትሉ የእርሳስ መስመሮች ታያላችሁ። አጭር ማስመሪያ እያስጠጋች ነው ያሰመረቻቸው፤ እርሳሱ የሸራው ክር ላይ ሲወጣና ሲወርድ መስመሩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አላረመችውም። እኔ የምወደው ይሄን ነው።

እኔማ ዘጠኝ ዓመት የታዘዝኩትን ስስል ኖርኩ፤ ጀበና ይዛ ፈገግ ያለች ሴት፣ ለሆቴል ግድግዳ። ገበያው ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። አንድ ክረምት ግን የአንዷን ፊት መጨረስ አቃተኝ። ፈገግታዋን በነጭ ደፈንኩት። የቀረው ነጠላዋ ብቻ ሆነ፤ ነጩ ውስጥ ያለው ግራጫ፣ እጥፉ ሥር የተኛው ሰማያዊ። ሦስት ወር ሙሉ ነጠላ ብቻ ሣልኩ። ደንበኛው ቀብዱን አስመለሰ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ልጅ ሳለሁ እንግዳ ሲመጣ እናቴ ነጠላ ውስጥ እገባ ነበር። ከውስጥ ሆኜ በስሱ ጨርቅ ሰውን ሁሉ አያለሁ፤ እኔን ማንም አያየኝም። ዓለምን ማየት የተማርኩት እዚያ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ፈገግታ ስቀባ ያቺን ልጅ ረስቻት ኖሯል።

በቃ ጨረስኩ። ከዚህ ወርጄ ሥራችሁን አያለሁ። ማብራራት የከበደው ካለ፣ ሸራውን አስደግፎ መውጣት ይችላል።