ልጆቻችን ይከራከሩ

(ባለፈው ስብሰባ ላይ አንድ የማኅበራችን አባል ለወላጆች ያደረጉት ንግግር ነው። ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በዚህ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)



የልጆቻችን ትምህርት ቤት የክርክር ቡድን ሊያቋቁም ነው። የፈቃድ ወረቀቱ ለየቤታችን ደርሷል፤ ብዙዎቻችን ግን እስካሁን አልፈረምንም። ምክንያቱንም ሰምቻለሁ። «ልጁ ድሮም ምላሱ ረዝሟል፤ አሁን ደግሞ ክርክር ሊያስተምሩት?» ትላላችሁ። እኔም እንደዚሁ እል ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝን ልንገራችሁ።

ትልቁ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ሳለ አስተማሪውን ላነጋግር ሄድኩ። ዕብራይስጤ ደካማ ስለሆነ ልጁ ራሱ መካከላችን ቆሞ ያስተረጉም ነበር። አስተማሪዋ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ልጄ ግን «ደኅና ነህ ትላለች» ብሎ አሳጠረው። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ወደ ዝቅተኛው የሒሳብ ምድብ መዛወሩን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። ለካስ ያን ዕለት የተባለው «በክፍል ውስጥ አይናገርም፣ አይጠይቅም፤ ትምህርቱ የገባው አይመስለኝም» ኖሯል። ደብተሩን ቢያሳዩኝ መልሱ ሁሉ ትክክል ነው። «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» ብለው፣ «አባዬ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል ያልከኝ አንተ አይደለህም?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እርግጥ ነው፣ ባደግንበት አገር በታላቅ ፊት ዓይንን ሰበር አድርጎ ዝም ማለት ጨዋነት ነው። «ዝም አይነቅዝም» ተብለን አድገናል። ይሁንና ያው አገር «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይል የለም ወይ? ክርክርስ ለእኛ እንግዳ ነው? በዛፍ ጥላ ሥር፣ በዳኛ ፊት፣ «በላ ልበልሃ» እየተባለ፣ በማርና በበቅሎ እሰጥ አገባ እየተገጠመ ሲሟገቱ ያየን ሰዎች ነን። እዚህም እስራኤል ከገባን በኋላ፣ በ1985 እ.ኤ.አ.፣ አይሁድነታችን ተጠራጥሮ ጥምቀት ሲጠየቅብን፣ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ከዋናው የረቢዎች መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተሟግተዋል። ያን ጊዜ ዝም ብንል ኖሮ ማን ይናገርልን ነበር?

ኦሪታችንንም እናስታውስ። አባታችን አብርሃም ስለ ሰዶም ከፈጣሪው ጋር ተከራክሮ፣ ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 አውርዷል። አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴና በአለቆቹ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት ጠይቀዋል፤ ተፈርዶላቸዋልም። ሴት ልጃችሁን ከቡድኑ ልታስቀሩ የምታስቡ ይህን አስቡበት።

ልጆቻችን እዚህ የሚማሩት ታልሙድም ክርክር የሞላበት ነው። ሐቭሩታ በሚባለው አጠናን ሁለት ሁለት ሆነው ሲቀመጡ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሞግተዋል። ስለ ረቢ ዮሐናን የሚተረክ አለ። የጥናት ጓደኛው ሬሽ ላኪሽ ሲሞት ሌላ ሊቅ ተተካለት። አዲሱ ሰው የተባለውን ሁሉ እየደገፈ ማስረጃ ይጨምርለት ነበር። ረቢ ዮሐናን ግን አልተጽናናም። ሬሽ ላኪሽ 24 ተቃውሞ ያነሣበት፣ እርሱም 24 መልስ ይሰጥ ነበርና፤ ነገሩ የሚጠራው እንዲያ ነበር። የሒሌልና የሻማይ ቤቶችም 3 ዓመት ተከራክረው ሥርዓቱ በሒሌል ቤት ቃል የጸናው፣ ትሑታን ስለነበሩና የተቃዋሚዎቻቸውን ሐሳብ ከራሳቸው አስቀድመው ይናገሩ ስለነበረ ነው ይባላል። እንግዲህ ይህ ብልግና ነው ወይ?

የክርክር ቡድን አሠራርም ከዚህ አይርቅም። ርእስ ይሰጣል፤ ማን እንደሚደግፍ፣ ማን እንደሚቃወም በዕጣ ይለያል። ስለሆነም ልጁ የማያምንበትን ወገን እንኳ አጥንቶ ይቆማል። ሰዓት ይለካል። ሌላው ሲናገር ጸጥ ብሎ ማዳመጥ ግድ ነው፤ ያላዳመጠ ምን ብሎ ይመልሳል?

ልጄ በኋላ በተማረበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ቡድን ገባ። መጀመሪያ ወረቀቱ በእጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ምሽት «ልጅ ለወላጁ አስተርጓሚ መሆን የለበትም» የሚለውን እንዲደግፍ ዕጣ ወጣለት። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ዕብራይስጡ ሁሉ ባይገባኝም ይህ ገባኝ፤ ልጅ የራሱን ወቀሳ ለአባቱ እንዲተረጉም አይገደድ አለ። ስሜን አላነሣም፣ አላዋረደኝም። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ስጠራ ትልቅ ሰው እንዲያስተረጉምልኝ እጠይቃለሁ። ወደ ቀድሞው የሒሳብ ምድብ ለመመለስ ግን ሁለት ዓመት ፈጀበት። ያ ሁለት ዓመት የዝምታ ዋጋ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን እንፈርም። እራት ላይም ልጁ ሲጠይቅ «ዝም በል» ከምንለው «ማስረጃህ ምንድን ነው?» እንበለው። እርሱም «አባዬ፣ ይቅርታ፣ እኔ ግን የሚመስለኝ እንዲህ ነው» ብሎ ይጀምር። አክብሮቱም አይቀርም፣ ንግግሩም አይቀርም።