ከሱሺ ቤት ገበታ የሚገኝ ትምህርት
(በማኅበራችን የጤና ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በቶኪዮ ወደ ሰፈር ሱሺ ቤት የገባ እንግዳ ሠሪውን ፍለጋ አይደክምም። ሠሪውና ተመጋቢው በአንድ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ወዲያና ወዲህ ሆነው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ጥሬው ዓሣ የሚቆረጠው፣ በሆምጣጤ የተቀመመው ሩዝም በመዳፍ የሚድበለበለው በተመጋቢው ዓይን ሥር ነው።

ጥሬ ሥጋ ለምንወድ ለእኛ ይህ ገበታ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ትምህርት የሚሆነን ግን ከጣዕሙ ይልቅ ጥንቃቄው ነው። በባሕር ዓሣ ውስጥ አኒሳኪስ የተባለ ትል ይገኛል። የጃፓን ጤና ሚኒስቴር ሆምጣጤም፣ ጨውም፣ ዋሳቢም ይህን ትል እንደማይገድሉት ለሕዝቡ በግልጽ ያስተምራል። የሚገድለው ዓሣውን ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ማቆየት፣ ወይም በ60 ዲግሪ ለ1 ደቂቃ ማብሰል ነው።

እኛስ? «አዋዜና አረቄ ካለ ኮሶ አያስፈራም» ሲባል ስንቶቻችን ሰምተን በፈገግታ አልፈናል? አዋዜው ምላስን ያቃጥላል እንጂ በሥጋው ውስጥ የተሸሸገውን የኮሶ ትል እጭ አይገድልም። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ከገበታ ላይ ዝም ሲል፣ ዝምታው እንደ ምስክርነት ይቆጠራል።

ቁርጥ እንተው ማለቴ አይደለም፤ ጃፓኖችም ሱሺያቸውን አልተዉም። የምለው፦ ያልተመረመረ ሥጋ በጥሬው አይበላ፤ እውነቱም ይነገር። ከዚህ ጉባኤ ወጥተን ሥጋ ቤት ስንቀመጥ፣ ቢላዋው ሳይነሣ የምንጠይቀው ጥያቄ «ሥጋው ተመርምሯል ወይ?» የሚል ይሁን።