ባልና ሚስት በደብሊን፤ ስለ ቅዱስ ፓትሪክ በዓል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አንድ የውጭ አገር በዓል እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ የመረጥሁት የአየርላንዶችን የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ነው። የመረጥሁበትም ምክንያት ታላቅ እኅቴና ባለቤቷ ከሚኖሩበት ከጀርመን አገር ተነሥተው በ2025 በዓሉን በደብሊን ከተማ ስላከበሩና ያዩትንም በስልክ አንድ በአንድ ስለ ነገሩኝ ነው። በዓሉ የሚውለው ማርች 17 ቀን፣ ማለት በእኛ መጋቢት 8 ቀን ነው። በዚያ ዓመት ሰኞ ላይ ስለ ዋለ ከቅዳሜና ከእሑድ ጋር ሦስት ቀን ዕረፍት ሆነ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም በሼንገን ስምምነት ውስጥ ስላልገባች፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም እንኳ ለብቻው ቪዛ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ከሁለት ወር በፊት ማመልከቻቸውን አስገቡ። በበዓሉ ሰሞን በከተማው መካከል የሆቴል ዋጋ እጅግ ስለሚወደድም፣ ከደብሊን በስተደቡብ ብሬይ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ክፍል ተከራይተው በባቡር ይመላለሱ ነበር። የአራት ዓመት ልጃቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ሁለቱ ብቻቸውን ሲጓዙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ገና ሲነሡ በአንድ ነገር አልተስማሙም። ጋሼ፣ «በዓል ማለት ደስታ ነው፤ ሰልፉን አይተን፣ ዘፈኑን ሰምተን እንመለስ» አሉ። እኅቴ ግን፣ «የሚከበረው ምን እንደ ሆነ ሳላውቅ በሰው ደስታ መካከል መቆም አልወድም» አለች። በጉዞው ሁሉ የተከራከሩት በዚሁ ነው፤ እኔም ዛሬ ለእናንተ የማቀርበው ይህንኑ ክርክር ነው።

በመጀመሪያ ፓትሪክ ማን ነበር? በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረ ጳጳስ ነው። በትውልዱ ግን የብሪታንያ ሰው ነበር። የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ወንበዴዎች ማርከው ወደ አየርላንድ ወሰዱትና ስድስት ዓመት በባርነት ከብት ሲጠብቅ ኖረ። ከዚያ አምልጦ ወደ ወገኖቹ ከተመለሰ በኋላ፣ ባሪያ ወዳደረገው አገር ወንጌል ይዞ ተመልሶ ሄደ። ይህን ታሪክ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ሳያስታውስ አይቀርም። እርሱም በ4ኛው መቶ ዓመት በልጅነቱ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተይዞ ወደ አክሱም የመጣና በኋላ በእስክንድርያ ጵጵስና ተሹሞ ወደዚያው የተመለሰ ነው። በሁለቱም አገሮች ሃይማኖትን ያስተማረው በግዞት የመጣ እንግዳ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

ቅዳሜ ባልና ሚስቱ በሊፊ ወንዝ ዳር ሲሄዱ በጉምሩክ ቤቱ አጠገብ ከነሐስ የተሠሩ የከሱ ሰዎች ምስሎች አዩ። ምስሎቹ ጨርቃቸውን አቅፈው ወደ መርከብ የሚሄዱ ይመስላሉ፤ ከኋላቸውም አንድ የከሳ ውሻ ይከተላል። በ1997 የቆመው ይህ ሐውልት የታላቁን ረኀብ ዘመን የሚያስታውስ ነው። በ1845 የድንቹን ሰብል በሽታ መታው፤ እስከ 1852 ድረስም አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም ተሰደደ። በረኀቡ ጊዜ ከአየርላንድ ወደቦች እህልና ከብት ወደ እንግሊዝ ይጫን እንደ ነበር ደግሞ የታወቀ ነው። በ1841 ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው የደሴቲቱ ሕዝብ ዛሬም ሰባት ሚሊዮን ገደማ ነው። እኅቴ በዚያ ቆማ ስለ 1984ቱ የራሳችን ረኀብ አሰበች። በዚያ ዓመት ለኢትዮጵያ ርዳታ ዘፋኞችን ካሰባሰቡት ሰዎች አንዱ፣ ቦብ ጌልዶፍ፣ የአየርላንድ ተወላጅ ነው።

እሑድ በኦኮነል ጎዳና ወደሚገኘው ዋናው ፖስታ ቤት ሄዱ። በ1916 ለነጻነት የተነሡት ሰዎች የሪፐብሊኩን አዋጅ ያነበቡት በዚያ ደጃፍ ላይ ነው። የጥይቱ ምልክት እስከ ዛሬ በዓምዶቹ ላይ ይታያል። ጋሼ ከሁሉ ይልቅ ያስገረማቸው የመንገዱ ሰሌዳ ነበር። ስሙ አስቀድሞ በጥንቱ በአይሪሽ ቋንቋ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ በመንገዱ የሚሰማው ንግግር ግን ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። በ1937ቱ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ኦፊሴላዊ ቋንቋ አይሪሽ ሆኖ ሳለ፣ በየዕለቱ የሚነጋገርበት ሰው ጥቂት ነው። ጋሼም፣ «ቋንቋ በሕግ ይከበራል፤ የሚኖረው ግን በእናት አፍ ነው» አሉ። እኅቴ መልስ አልሰጠችም። ልጃቸው ከአማርኛ ይልቅ ጀርመንኛ ይቀናት እንደ ነበር ሁለቱም ያውቁታል።

ሰኞ ዕለት ሰልፉ ሆነ። ሕዝቡ አረንጓዴ ለብሶ፣ እንደ ማገጥ ያለችውን ባለ ሦስት ቅጠል ሣር በደረቱ ሰክቶ ጎዳናውን ሞላው። እነርሱም የዓቢይ ጾም ስለ ነበር ድንች ጥብሳቸውን ይዘው ከመንገዱ ዳር ቆሙ። ግዙፍ አሻንጉሊቶች አለፉ፤ ቀጥሎም ከአሜሪካ የመጡ የተማሪዎች የማርሽ ባንዶች ተከተሉ። አጠገባቸው የቆሙ አንዲት አሮጊት፣ «ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ቅድመ አያቶቻቸው ከዚህ የወጡ ናቸው» ብለው ነገሯቸው። እኅቴ ስትነግረኝ ድምፅዋ ተለወጠ። «ያየሁት የእነርሱን ልጆች አልነበረም፤ የልጄን ልጆች ነው። አንድ ቀን አዲስ አበባ መጥተው ከበሮ ይመቱ ይሆናል፤ ለምን እንደሚመቱ የሚነግራቸው ግን ማን ነው?» አለች። ጋሼም ያን ጊዜ ዝም አሉ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህ ጥያቄ ከበዓሉ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ስደተኞቹ በኒው ዮርክ ሰልፍ የጀመሩት በ1762 ነው። በአየርላንድ ግን ቀኑ ሕጋዊ የዕረፍት ቀን የሆነው በ1903 ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ እስከ 1960 ድረስም በዚያ ቀን መጠጥ ቤቶች በሕግ ይዘጉ ነበር። በደብሊን መጠጥ የሚገኝበት አንዱ ቦታ የውሻ ኤግዚቢሽን ስለ ነበር፣ ውሻ የሌለው ሰው ሁሉ ውሻ ወዳድ ሆኖ ይውል ነበር ይባላል። ዛሬ የምናየው የብዙ ቀን ፌስቲቫል የተጀመረው መንግሥት ጎብኚ ለመሳብ አስቦ በ1996 ነው። እንግዲህ በአገር ቤት የጸሎት ቀን የነበረውን የሰልፍና የፈንጠዝያ ቀን ያደረጉት በይበልጥ የተሰደዱት ናቸው። ለተበተነ ሕዝብ በዓል የስም መጥሪያ መዝገብ ነው፤ በዚያ ቀን ያልተጠራ ሰው እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

አንዳንዶቻችሁ፣ «ታዲያ ሰልፉና ጭፈራው በዓሉን አላበላሸውምን?» ትሉ ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ ጭፈራው ብቻውን በዓልን አይገድልም። አደጋው የሚመጣው ከጭፈራው አጠገብ ምክንያቱን የሚናገር ሰው ሲጠፋ ነው። በደብሊን የነሐሱ ምስሎችና ጥይት የበሳው ዓምድ ከሰልፉ ብዙ ሳይርቁ ቆመዋል፤ የሚጠይቅ እንግዳ መልስ አያጣም። እኛስ የዓድዋን በዓል ስናከብር፣ ታናናሾቻችን «ለምን?» ሲሉን አጥጋቢ መልስ የምንሰጥ ስንቶቻችን ነን? በትምህርት ቤት ያነበብነውን ለፈተና ብቻ ካስቀመጥነው ጥፋቱ የጭፈራው አይደለም።

ባልና ሚስቱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለልጃቸው አረንጓዴ የወረቀት ባርኔጣ ይዘውላት ሄዱ። እርሷም «ይህ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ ስለ ተማረከው ልጅ ነገሯት፤ ቀጥለውም ስለ አባ ሰላማ ነገሯት፤ ሁሉንም በአማርኛ። ሦስት ጊዜ እንዲደግሙላት አስገደደቻቸው። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ማናቸውም የአገር ቤት በዓል ሲደርስ፣ ከምግቡ በፊት አንድ ታሪክ በአማርኛ ይነገራል።

ከእናንተ መካከል ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የምትሄዱ አላችሁ። የሰውን በዓል ስታዩ ምክንያቱን ጠይቁ፤ የራሳችሁን ሲጠይቋችሁም መልሱን ይዛችሁ ሂዱ።